ከአሲድ ጠርሙስ እስከ ውሃ ጉም፦ የእሳት ማጥፊያ ታሪክና የእኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ

ትናንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ "መምህር፣ ይሄ ነጭ ሲሊንደር ምንድን ነው? የኦክስጅን ነው እንዴ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ "ጋሼ ደህና ነዎት ወይ?" ብላ ኢንቦክስ ጽፋልኛለች። ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ኦክስጅን አይደለም፣ እሳት ማጥፊያ ነው። ውስጡ ያለውም ውሃና የታመቀ አየር ብቻ ነው። ኮሜንት ላይ ባጭሩ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ግን ታሪክ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ባጭሩ መመለስ አይሆንለትም። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ነው። ከወዳጆቼ ጋር ትንሽ አክሲዮን የገዛሁበት ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ሕንጻ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ ማታ ከሶኬት እሳት ተነሳ። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ያው እንደምታውቁት። ዘበኛችን ጭሱ ሸቷቸው ሮጠው ወጡ፣ ከኮሪደሩ ቀዩን የዱቄት ማጥፊያ አንስተው ረጩ። እሳቱ ጠፋ። ይሄን አልክድም፣ ዱቄት ያጠፋል። ግን ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱም ዝግ ስለነበር ሰውዬው ዱቄቱ ውስጥ በሩን አጡት። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የወጡት። በማግስቱ እያሳሉ "መምህር፣ ከእሳቱስ ተርፌ ነበር፣ ዱቄቱ ነው ሊገድለኝ የነበረው" አሉኝ።

ኮምፒውተሮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ከእሳቱ ተርፈው ከዱቄቱ አልተረፉም። ኤቢሲ የሚባለው ዱቄት ዋና ይዘቱ ሞኖአሞኒየም ፎስፌት የተባለ ጨው ነው። ሲሞቅ ይቀልጥና የሚቃጠለው ነገር ላይ ተጣብቆ አየር ይከለክላል፤ ጥንካሬውም ይሄው ነው። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ብረት ይበላል። የአዲስ አበባ ሐምሌ እርጥበት አያጣም።

ኮሚቴው ተሰበሰበና "አንተ ማንበብ ትወዳለህ፣ እስቲ ምን ብንገዛ እንደሚሻል አጥና" ተባልኩ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ምን እንደሚገዛ ለማወቅ የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ነገሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ። ስጠይቅ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1723 ለንደን ውስጥ ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ አምብሮዝ ጎድፍሬይ የሚባል ኬሚስት ነበር። በርሜል ውስጥ እሳት የሚያጠፋ ፈሳሽ ሞላ፣ መሃሉ ላይ ባሩድ ያለበት ዕቃ አስቀመጠ። ክሩን ለኩሰህ እሳቱ ውስጥ ትጥለዋለህ፤ ባሩዱ ሲፈነዳ ፈሳሹ ይበተናል። እሳትን በባሩድ ማጥፋት! አትሳቁ፤ ሐሳቡ እኮ ትክክል ነው። ውሃው ተበታትኖ ካልደረሰ አይሠራም የሚለውን ሰውዬው ያኔ ገብቶት ነበር። እዚህ ነጥብ ላይ ኋላ እንመለሳለን።

ዛሬ ግድግዳ ላይ የምናየው ዓይነት ዕቃ አባት ግን ካፒቴን ጆርጅ ዊልያም ማንቢ ነው። ማንቢ በ1813 ኤድንብራ ላይ እሳት ሲነሳ ተመለከተ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የላይኛውን ፎቅ ሊደርሱበት አልቻሉም። ይሄ ነገር አልወጣለትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰው በእጁ ይዞት ደረጃ የሚወጣ የመዳብ ዕቃ ሠራ። 13 ሊትር ተኩል ገደማ የፖታሲየም ካርቦኔት ብጥብጥ ይይዛል፣ ከላይ አየር ታምቆበታል፤ ቧንቧውን ስትከፍተው አየሩ ፈሳሹን ገፍቶ ያወጣዋል። ልብ በሉ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የእኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለው ዕቃም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ታሪክ ሠርቶ ወደ መጀመሪያው የተመለሰ ዕቃ ነው።

በመካከል የሆነው ግን ይገርማል። በ1866 ፍራንሷ ካርሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሶዳና አሲድን በአንድ ዕቃ ውስጥ ለያይቶ አስቀመጠ። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይፈጠርና ውሃውን ይገፋዋል። አሜሪካኖቹ በ1881 የራሳቸውን አወጡ፣ በሰልፈሪክ አሲድ። አሲዱ ጠርሙስ ውስጥ ይሆናል፤ ሲሊንደሩን ስትገለብጠው አሲዱ ከሶዳው ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። መቶ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሆቴሉ፣ በየፋብሪካው የተሰቀለው ይሄ ነበር። ችግሩም ግልጽ ነው። ያረጀ ሲሊንደር ውስጥ ግፊት በድንገት ትፈጥራለህ፣ ያውም ፊትህ አጠገብ ገልብጠህ ይዘኸው። እየፈነዳ ሰው ጎድቷል። አሜሪካ ውስጥ መመረቱ የቆመው በ1969 ነው።

ሁለተኛው ችግር ኤሌክትሪክ ነው። ሶዳና አሲዱ ሲሠራ ኤሌክትሪክ በከተሞች ገና ብርቅ ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ግን እሳቱ ራሱ ከሽቦ መነሳት ጀመረ። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ላይ መርጨት ደግሞ ሞትን መጥራት ነው። ስለዚህ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ፓይሪን የሚባል ኩባንያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚረጭ ትንሽ የነሐስ ፓምፕ አወጣ። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ወደደው። የማይወደደው ነገር ሲሞቅ የሚሆነውን ነው፦ ፎስጂን ጋዝ ይወጣዋል። ፎስጂን ማለት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን በምሽጋቸው የገደለው ጋዝ ነው። ሰዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት ሊያጠፉ ገብተው በመርዝ ወደቁ። ዘበኛችን በሩን ያጡበትን ክፍል አስቡና ዱቄቱን በዚህ ቀይሩት።

በ1920ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የስልክ ማዞሪያ ዕቃዎቹን ሳያበላሽ የሚያጠፋ ነገር ፈልጎ የካርቦንዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ መጣ። ይሄ ዛሬም አለ፣ ጥሩም ነው፤ ብቻ ጠባብ ክፍል ውስጥ አየር ያሳጣል፣ የሚጤስ ወረቀትና ጨርቅ ላይም ደካማ ነው። ላዩ ይጠፋና ፍሙ መልሶ ይነሳል።

ከዚያ ሃሎን መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ ጋዝ ነው፤ ዕቃ አያበላሽም፣ ዱካ አይተውም፣ በትንሽ መጠን ያጠፋል። አውሮፕላን፣ የኮምፒውተር ክፍል፣ ሙዚየም፣ ሁሉም ሃሎን አለ። አሁን የምነግራችሁ ነገር እኔን በጣም ያስገረመኝ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ እንግሊዝ ቦርሃምውድ በሚገኘው የእሳት ምርምር ጣቢያ ራስባሽ የሚባል ተመራማሪ ውሃን በደቃቁ ስለመርጨት በደንብ አጥንቶ ጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ ማለት ነው! ግን ሃሎን እያለ በውሃ ጠብታ ማን ይደክማል? ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ተማሪዎቼ፣ "የሚያስፈልገው እስኪመጣ የሚጠብቅ ዕውቀት" እያልኩ በየዓመቱ እደጋግምላችሁ የነበረውን ታስታውሳላችሁ? ይሄው ምሳሌው።

መስከረም 1987 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሃሎን ውስጥ ያለው ብሮሚን የኦዞን ንጣፍን የሚበላ ሆኖ ተገኘ። ያደጉት አገሮች ከ1994 ጀምሮ ማምረት አቆሙ፣ ለእኛ ዓይነቶቹ እስከ 2010 ጊዜ ተሰጠ። ዓለም ሁሉ ምትክ ፍለጋ ገባ። በዚሁ መሃል፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1990 ሌሊት፣ ከኦስሎ ወደ ዴንማርክ ትጓዝ የነበረችው ስካንዲኔቪያን ስታር መርከብ ተቃጠለችና 159 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከዚያ በኋላ የመንገደኛ መርከቦች የውሃ መርጫ እንዲኖራቸው ግዴታ መጣ። ግን መርከብ ላይ ያ ሁሉ ቧንቧና ያ ሁሉ ውሃ ክብደት ነው። በትንሽ ውሃ ብዙ የሚሠራ ነገር ተፈለገ፤ የራስባሽ ጠብታዎች ከመደርደሪያው ወረዱ። በ1995 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እኩያ ዘዴ አድርጎ የሚቀበልበትን መመሪያ አወጣ፣ በ1996 አሜሪካኖቹ የመጀመሪያውን የውሃ ጉም ደረጃ አሳተሙ። በእጅ የሚያዘውም ሆስፒታል፣ ቤተ መዛግብትና የስልክ ክፍል ውስጥ የሃሎንን ቦታ ለመያዝ በእነዚሁ ዓመታት ተስፋፋ።

ለምንድን ነው ደቃቅ ጠብታ የሚሻለው? የፊዚክስ መምህራን ይታገሱኝ። አንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ጠብታዎች ብትበትነው አጠቃላይ ገጹ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጠብታውን በአሥር እጥፍ አደቅቀው፣ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያው አንድ ሊትር ነው። ሙቀት የሚወስደው በገጹ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ይተናል። ውሃን ከክፍል ሙቀት እስከ መፍላት ከማድረስ ይልቅ የፈላውን ማትነን ሰባት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይበላል (አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል፣ ትንሽ ብቻ)። እንፋሎት ሲሆን ደግሞ 1,700 እጥፍ ያህል ይሰፋና እሳቱ ዙሪያ ያለውን አየር ይገፋል። ያቀዘቅዛል፣ ያፍናልም። ጎድፍሬይ በባሩድ የፈለገው ይሄን ነበር።

በተራ ውሃ ጎርፍ ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ቤተ መጻሕፍት ይመስክሩ። በ1986 የሎስ አንጀለስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል 400 ሺህ ያህል መጽሐፍ ነደደ፤ 700 ሺህ ያህል ደግሞ በጭስና በውሃ ተጎዳ። በ1988 የሌኒንግራዱ የሳይንስ አካዳሚ ቤተ መጻሕፍትም እንደዚያው ነው፤ ውሃው ያረጠባቸው መጻሕፍት ከነደዱት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። እኔ ወመዘክር ገብቼ ብራና ባየሁ ቁጥር ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

ወደ ሕንጻችን ልመለስ። አጥንቼ ስጨርስ ለኮሚቴው ያልኩት "ሁሉንም እንቀይር" አይደለም። እንዲያውም ሻጩ "ሁሉንም ፎቅ በዚህ ይሙሉት" ሲለኝ ነው የጠረጠርኩት። ምድር ቤት ካፌው ድንች ይጠብሳል። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ቢገባ ከሥር ገብቶ ይፈላና ዘይቱን እሳት አድርጎ ይተፋዋል። አውሮፓ ውስጥ ለምግብ ዘይት ተፈትነው የተፈቀዱ የጉም ማጥፊያዎች አሉ፤ እኛ ያገኘናቸው ግን እነሱ አይደሉም፣ ስለዚህ ለካፌው የኩሽና ማጥፊያ ለብቻው ተገዛ። ጄነሬተር ክፍሉ ናፍጣ አለበት፣ እዚያ ዱቄቱ ይቆይ አልን። ትራንስፎርመሩ 15 ሺህ ቮልት ነው፣ እዚያ ማንም ሰው ምንም ይዞ እንዳይጠጋ፤ በሩ ላይ ጽፈናል። ጉሙ የገባው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ብቻ ነው፦ ወረቀት፣ ኮምፒውተር፣ ፋይል፣ ጠባብ ክፍልና ሰው ባለበት። ረጪው ሰው ፊቱ ላይ የሚያገኘው ጉም ነው፣ በሩን አያጣም። አነስተኛውን፣ 6.6 ሊትሩን የመረጥነው ደግሞ ዘበኛችን አንስተው እንዲሮጡበት ነው። ማንም ሰው እሱን ለማግኘት ከ23 ሜትር በላይ እንዳይሄድ ለካን፣ እጀታው ደረት አካባቢ ሆኖ ተሰቀለ፤ ከፋይል ካቢኔት ጀርባ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሕንጻ ውስጥ አይቼዋለሁ። ማጥፊያው ላይ የተጻፉት ፊደላት በሁሉም አገር አንድ አይደሉም። "ኤ" በሁለቱም ወረቀት፣ እንጨት፣ ጨርቅ ነው። "ሲ" ግን በአሜሪካ ምልክት ኤሌክትሪክ ማለት ሲሆን በአውሮፓ ምልክት ጋዝ ማለት ነው። አውሮፓ ለኤሌክትሪክ ፊደል የለውም፤ የ35 ሺህ ቮልት ፈተና አለ፣ ያለፈው ማጥፊያ ላይ "እስከ 1,000 ቮልት፣ ከ1 ሜትር ርቀት" የሚል ይጻፍበታል። የኩሽና ዘይትም አንዱ ጋ "ኬ"፣ ሌላው ጋ "ኤፍ" ነው። እኛ አገር ዕቃው ከየትም ይመጣል፣ አንድ ኮሪደር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰቅለው ታገኛላችሁ። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ አትመኑ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ የማታነቡት ቋንቋ ከሆነ ሳትገዙ አስተርጉሙ።

አሁን ፎቶው ላይ ወዳለው ነጭ ሲሊንደር።

ጉሙ ኤሌክትሪክ ላይ የሚፈቀድለት በሁለት ምክንያት ነው። ጠብታዎቹ በአየር ተለያይተው ስለሚሄዱ እንደ ሽቦ የተያያዘ መንገድ አይሠሩም። ሌላው፣ ውሃው ማዕድኑ የወጣለት፣ ዲአዮናይዝድ የሚሉት ነው። ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ውሃ ውስጥ የሟሟው ጨው ነውና። (ቢሆንም መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ። ወለል ላይ የተጠራቀመው ውሃ አቧራውን ሲያገኝ ያው ተራ ውሃ ነው፣ አትርገጡት።)

ዓመቱ ሞላና ለዓመታዊ ምርመራ ባለሙያ ተጠራ። አራቱን ሲሊንደሮች ወስዶ ከሁለት ቀን በኋላ መለሰ። ጌጁ አረንጓዴው ላይ ነው፣ ፒኑ በቦታው፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ካርዱ ላይ ተፈርሟል። ሁሉም ልክ። ይዞት የመጣው ወጣት ልጅ ነበር፣ ደረጃውን እየወረድን ዝም ብዬ ለወሬ ያህል "ውሃውን ከየት ነው የምትሞሉት?" አልኩት። "ከቧንቧ ነዋ ጋሼ" አለኝ። ምንም አልደበቀም፣ ማንም አልነገረውም። የባትሪ ውሃ እንኳ አልፈለጉም። ለእሱ ውሃ ውሃ ነው።

ቆሜ ቀረሁ። ጌጁ የሚለካው ግፊት ነው፤ ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም። አራቱን ሲሊንደር ከሶኬትና ከኮምፒውተር አጠገብ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ዘበኛችንን "ይሄኛው ኤሌክትሪክ ላይ ቢረጩት ችግር የለውም" ብዬ ያሰለጠንኳቸውም እኔው ነኝ። እሳቸው ደግሞ አምነውኛል።

የዚያኑ ዕለት አውርደን ለብቻ አስቀመጥናቸው፣ ማታውን ሁለት የካርቦንዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ከጎረቤት ሕንጻ ተዋስን። ከዚያ አምራቹ የሚጠይቀውን ዓይነት ውሃ ፈልገን፣ ሲሊንደሮቹ በእሱው ውሃ ታጥበው፣ ቱቦውና ኖዝሉም ተጣርቶ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ተሞሉ። ልጁን አመሰገንኩት፣ አሠሪውን ግን ቀየርነው። ውሉ ላይ አሁን የውሃው ዓይነት በጽሑፍ አለ፣ ሲሞላ የእኛ ሰው ይገኛል የሚልም ጨምረናል።

ለሕንጻ አስተዳዳሪዎች፣ የቀረውን ቶሎ ልበላችሁ። በወር አንድ ጊዜ ሰው ዞሮ ይይ፦ በቦታው አለ ወይ፣ ጌጁ የት ነው፣ ፒንና ማኅተሙ አለ ወይ፣ ኖዝሉ ውስጥ ሸረሪት ድር አልሠራም ወይ። በዓመት ባለሙያ ይመርምረው። በአምስት ዓመት ሲሊንደሩ ራሱ በውሃ ግፊት ይፈተናል፣ ቀኑ ላዩ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ነውና በረዶ አይወድም፤ ከ4 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ቦታ፣ ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውጭ የተሰቀለ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ወደ ውስጥ አስገቡት።

በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነውን ዓይነት እሳት ይሄ ዕቃ አያቆመውም፤ አንዳንዶቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። ይሄ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው፣ እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ሳይበልጥ። ከዚያ ካለፈ በሩን ዘግታችሁ ውጡ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

ትናንት ፎቶውን ያነሳሁት አራተኛውን ሲሊንደር መልሰን ስንሰቅል ነው። ዘበኛችን አጠገቤ ቆመው ካርዱን አዩና "መምህር፣ አሁንስ ውስጡ ምን እንዳለ በደንብ ያውቃሉ?" አሉኝ። አሁን አውቃለሁ አልኳቸው። "እንግዲያው እዚህ ላይ እርስዎም ይፈርሙ" ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ።